በትንሽ ኮምፒዩተር ላይ የሁለቱን ሽቦ መሥመር ስለ ማዘጋጀት፤ በተማሪዎች እጅ በሚገኙት የአሠራር ወረቀቶች ላይ የቀረበ ትችት

ባለፈው መንፈቅ ዓመት ሦስት ሆነን በአንድ የእህል ጎተራ ውስጥ ሙቀቱና እርጥበቱ በሌሊት እንዴት እንደሚለዋወጥ ስናጠና፥ ለመምህራችን ባቀረብነው ረቂቅ ላይ «ጎተራው በአብዛኛው ሌሊት ከ6 ሰዓት እስከ ንጋት ድረስ ሙቀቱን አንዳች ሳይለውጥ ያድራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፈን ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ደስ አሰኝቶናል፤ አጭርና ቁርጥ ያለ፥ ለገበሬውም የሚጠቅም መስሎን ነበር። መምህራችን ግን ረቂቁን አንብበው ሲያበቁ «ከሣር ክዳን በታች እንዲህ ያለ ቀጥ ያለ መሥመር አይገኝም፤ ሂዱና መሣሪያችሁን መርምሩ» ብለው መለሱልን። እውነታቸውን ነበር። ጎተራው ሙቀቱን አልጠበቀም፤ መለኪያው መልስ መስጠቱን አቁሞ ሳለ ፕሮግራማችን የመጨረሻውን ቁጥር እየደጋገመ ይጽፍ ነበር እንጂ። ነገሩን ወደ ኋላ ተመልሰን ብንከታተለው፥ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ከደረሰን የአሠራር ወረቀት ላይ ሳንጠይቅ ከገለበጥናቸው ሁለት መሥመሮች የተነሣ ሆኖ አገኘነው።

ስለዚህ ይህ ትችት የሚመለከተው እንዲህ ያለውን ወረቀት ነው። ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ አናውቅም፤ ብናውቅም ስሙን ማንሣት አያስፈልግም ነበር፤ ምክንያቱም ከጓደኞቻችን እየለመንን ያነበብናቸው ሌሎች ስድስት ወረቀቶች ከቃላቸው በቀር በጠባያቸው አንድ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን መሥመሩ ምን እንደ ሆነ ባጭሩ እንናገር። በ1982 የሆላንዱ የፊሊፕስ ኩባንያ በአንድ መሣሪያ ውስጥ ያሉት ልዩ ልዩ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች በብዙ ሽቦ ሳይጠላለፉ እንዲነጋገሩ ብሎ አይ-ስኩዌርድ-ሲ (በተማሪው አፍ አይ-ቱ-ሲ) የተባለውን ዘዴ አወጣ። ሽቦው ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ መረጃውን ያመላልሳል፥ ሁለተኛው ሰዓቱን ይመታል። ይህን የመሰለውን የጋራ መሥመር እንግሊዞች «ባስ» ይሉታል፤ ቃሉ ከላቲኑ «ለሁሉ» ከሚለው የመጣ ስለ ሆነ፥ በየቀኑ ተጋፍተን የምንሳፈርበት አውቶቡስ የስም ዘመዱ ነው። በአውቶቡሱ ሁሉም ተሳፋሪ የቲኬት ቆራጩን ጥሪ ይሰማል፤ የሚመልሰው ግን የተጠራው ነው። በመሥመሩም እንዲሁ ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በሰባት ቢት የሚጻፍ አድራሻ አለው፤ ከ128ቱ አድራሻዎች 16ቱ ለልዩ ጉዳይ የተጠበቁ ስለ ሆኑ ለሥራ የሚቀሩት 112 ናቸው።

በ2012 በእንግሊዝ አገር የወጣው ራስበሪ ፓይ የተባለው በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለቀ ትንሽ ኮምፒዩተር ይህ መሥመር በ3ኛውና በ5ኛው እግሩ ላይ ተዘጋጅቶለታል። እኛም ከእርሱ ላይ ሁለት ነገሮችን አስረን ነበር፤ አንደኛው ሙቀትን፥ እርጥበትንና የአየር ግፊትን የሚለካው ቢ-ኤም-ኢ-280 የተባለው የቦሽ ኩባንያ መለኪያ ሲሆን፥ ሁለተኛው ዲ-ኤስ-3231 የሚባለው ባትሪ ያለው ሰዓት ነው። ሰዓቱ ያስፈለገበት ምክንያት፥ ኮምፒዩተራችን የራሱ ሰዓት የሌለው በመሆኑ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መረብ ከሌለ ቀኑን ስለሚስት ነው። ኮምፒዩተሩን በባለቤቱ ቤት ውስጥ አኑረን መለኪያውን በ4 ሜትር ሽቦ ወደ ጎተራው አሳለፍነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። ዘጠኝ መሥመር ነው። የማስተካከያውን ፋይል ክፈት፤ መሥመሩ ይከፈት የሚለውን ቃል ጨምር፤ «ፈጣን እንዲሆን» ፍጥነቱን 400000 አድርግ፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍተህ አብራ፤ የአድራሻውን ሠንጠረዥ አሳይ ብለህ እዘዝ፤ ቁጥር ከታየህ ሥራህ አልቋል፤ ይላል። ከዚህ በኋላ መለኪያውን የሚያነብ አጭር ፕሮግራም ተያይዟል። በዘጠኙ መሥመር ውስጥ ትእዛዝ እንጂ «ምክንያቱም» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አይገኝም። «ፈጣን እንዲሆን» የሚለው ብቻ ምክንያት ይመስላል፤ እርሱም ቢሆን ምክንያት ሳይሆን ማባበያ ነው። እኛ በየአምስት ደቂቃው አንድ ጊዜ ሙቀት የምናነብ ሰዎች በሰከንድ 400000 ቢት ምን ያደርግልናል? ይህን ጥያቄ በዚያን ጊዜ አለመጠየቃችን ዛሬ ያሳፍረናል።

የፍጥነቱን ነገር ሰፋ አድርገን ማየት ይገባል፤ ጉዳቱ የመጣው ከዚህ ነውና። በዚህ መሥመር ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ ሽቦውን ወደ ታች፥ ማለት ወደ ዜሮ ቮልት መጎተት ይችላል፤ ወደ ላይ መግፋት ግን ማንም አይችልም። ሽቦውን ወደ 3.3 ቮልት የሚመልሰው አንድ ሬዚስተር ነው። ስለዚህ ሽቦው ሲወርድ ፈጥኖ ይወርዳል፤ ሲወጣ ግን በሬዚስተሩ በኩል ቀስ እያለ እንደሚሞላ እንስራ ነው፤ ሽቦው በረዘመ ቁጥር እንስራው ይሰፋል። ፊሊፕስ ባወጣው ደንብ፥ በ100000 ፍጥነት ለመውጣት የሚፈቀደው ጊዜ እስከ 1000 ናኖ ሰከንድ ሲሆን፥ በ400000 ግን 300 ብቻ ነው። የሽቦው ጠቅላላ የመያዝ አቅምም ከ400 ፒኮፋራድ እንዳይበልጥ ደንቡ ይወስናል።

እስኪ የእኛን እንቁጠር። ተራ ሽቦ በሜትር ከ50 እስከ 100 ፒኮፋራድ ይይዛል፤ የከፋውን ብንወስድ 4 ሜትሩ 400 ነው፤ በመሥመሩ ላይ ላሉት ሦስት ክፍሎች ለእያንዳንዱ 10 ብንጨምር 430 ይሆናል፤ በዚህ ብቻ ደንቡ ፈርሷል። በራስበሪ ፓይ ሰሌዳ ላይ 1800 ኦም፥ በሰዓቱ ሰሌዳ ላይ 4700፥ በመለኪያው ሰሌዳ ላይ ደግሞ 10000 ኦም ሬዚስተር አለ። ሦስቱ ጎን ለጎን ሲታሰሩ 1150 ኦም ያህል ይሆናሉ። በደንቡ ቀመር፥ ማለት ሬዚስተሩን በአቅሙና በ0.8473 ብናባዛ፥ የመውጫው ጊዜ 420 ናኖ ሰከንድ ይመጣል። ይህ ለ100000 ፍጥነት ከበቂ በላይ ነው፤ ለ400000 ግን አይሆንም።

አንድ ጓደኛችን ይህን ባነበብንለት ጊዜ «ታዲያ ሬዚስተሩን ማሳነስ ነው» አለ። አሳቡ ትክክል ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን አይፈቅድም። በ430 ፒኮፋራድ ላይ 300 ናኖ ሰከንድ ለማግኘት ሬዚስተሩ ከ823 ኦም መብለጥ የለበትም። በሌላ በኩል አንድ መሣሪያ 3 ሚሊ አምፔር ብቻ እየጎተተ ሽቦውን እስከ 0.4 ቮልት እንዲያወርድ ከተፈለገ፥ ሬዚስተሩ ከ967 ኦም ማነስ የለበትም። በ823ና በ967 መካከል ሁለቱን የሚያስታርቅ ቁጥር የለም። ስለዚህ በዚያ ሽቦ ላይ በዚያ ፍጥነት ምንም ዓይነት ሬዚስተር ቢመረጥ ደንቡ አይጠበቅም ነበር። መድኃኒቱ ወይ ሽቦውን ማሳጠር ወይ ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግ ነው። ይህን ሁሉ ለማወቅ አንድ ገጽና አንድ እርሳስ ይበቃል፤ ወረቀቱ ግን ስለ ሽቦ ርዝመት አንድ ቃል አላለም።

እንዲህ ባለው መሥመር ላይ ሥራው ወዲያው አይቆምም፤ ቢቆምማ መልካም ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ይሠራል፤ አልፎ አልፎ አንዲት የሰዓት ምት ትጠፋለች። መለኪያው ምቱን ስቶ ቀሪውን እየጠበቀ የመረጃውን ሽቦ ወደ ታች ይዞ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም መናገር አይችልም። ደንቡ ለዚህ መፍትሔ ሰጥቶበታል፤ አዛዡ ዘጠኝ የሰዓት ምት ቢልክ የያዘው ይለቃል ይላል። ያ ካልሆነ ኃይሉን ማቋረጥ ነው። እኛ በየጠዋቱ 1 ሰዓት መዝገቡን ለመውሰድ ስንሄድ ኮምፒዩተሩን ከኤሌክትሪኩ እንነቅል ስለ ነበረ፥ መሥመሩ ሳናውቀው በየጠዋቱ ይድናል፤ ቀኑን ሠርቶ ከእኩለ ሌሊት በፊት እንደ ገና ይያዛል። «በሌሊት የማይለወጥ ሙቀት» የተባለው ግኝታችን ይኸው ነው።

ሆኖም መሥመሩ መያዙ ብቻውን ባላሳሳተን ነበር። ከወረቀቱ ጋር የተያያዘው ፕሮግራም «ስሕተት ቢመጣ እለፈውና የቀደመውን ቁጥር ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ይዟል። ጸሐፊው ይህን ያደረገው ፕሮግራሙ በጀማሪው ፊት እንዳይወድቅ ብሎ ይሆናል። በእኛ አስተያየት ግን ከዘጠኙ መሥመር ሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ፍጥነቱ መሥመሩን አበላሸ፥ ይህ ግን ብልሽቱን ሸፈነ። በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ሳለን የፊዚክስ መምህራችን ያልተነበበ ቁጥር በሠንጠረዥ ውስጥ ባዶ እንዲተው ያዙን ነበር፤ ባዶውን በግምት የሞላ ተማሪ ዜሮ ያገኛል። ይህን ሥርዓት በእጃችን ስንጽፍ ጠብቀነው ለማሽን አደራ ስንሰጥ ረሳነው።

ስለ ሠንጠረዡም የምንለው አለን። «ቁጥር ከታየህ ሥራህ አልቋል» የሚለው አባባል በሰባቱም ወረቀቶች ላይ በልዩ ልዩ ቃል ይገኛል። ሠንጠረዡ የሚሠራው እያንዳንዱን አድራሻ አንድ ጊዜ እየጠራ «አለሁ» የሚለውን መመዝገብ ነው። «አለሁ» የሚለው መልስ አንድ ቢት ብቻ ነው። ስለ መለኪያው ጤንነት፥ ስለ ሽቦው ርዝመት፥ ነገ ሌሊት ስለሚሆነው ነገር የሚናገረው የለም። የስም ጥሪ ላይ «አቤት» ያለ ተማሪ ሁሉ ትምህርቱን ያውቃል አይባልም። ደግሞም ተቃራኒው ያጋጥማል፤ ሰዓቱ በከርነሉ ከተያዘ በኋላ በ68 ቁጥር ስፍራ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደል «ዩ» ይታያል፤ ይህም በሥራ ላይ ነው ማለት ነው። ከመካከላችን አንዱ ይህን አይቶ ሰዓቱ ተቃጠለ ብሎ ሊጥለው ተነሥቶ ነበር። አድራሻውም ቢሆን ጀማሪውን ያደናግራል፤ ኤል-ኤም-75 የተባለው የሙቀት መለኪያ በአሥራ ስድስት መደብ አቆጣጠር 48 ሲሆን፥ የማንበብና የመጻፍ ምልክት የሆነችውን ስምንተኛ ቢት ጨምረው የሚቆጥሩ ሰዎች 90 ብለው ይጽፉታል። ሁለቱም አንድ ነገር ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ ግን የሚወጣው 48 ነው።

ከአምስት ቮልት ጋር የተያያዘውን ነገር በአጭሩ እናልፈዋለን። ከወረቀቶቹ ሁለቱ ሰዓቱን «በ5 ወይም በ3.3 ቮልት» እሰረው ይላሉ። ሰዓቱ በሁለቱም ይሠራል፤ ነገር ግን በሰሌዳው ላይ ያለው ሬዚስተር ሽቦውን የሚስበው ወደ ተሰጠው ቮልት ነው፤ የራስበሪ ፓይ እግሮች ደግሞ ከ3.3 በላይ እንዲቀበሉ አልተሠሩም። «ወይም» የምትለዋ ቃል ኮምፒዩተር ልታስከፍል ትችላለች።

ሌላው ታላቅ ጉድለት ወረቀቶቹ ቀን የሌላቸው መሆኑ ነው። በመጀመሪያ የወጡት ራስበሪ ፓይዎች በእግራቸው ላይ ያለው መሥመር ቁጥሩ 0 ነበር፤ በዚያው በ2012 ሰሌዳው ሲሻሻል 1 ሆነ። እስከ 2015 መጀመሪያ ድረስ መሥመሩን ለመክፈት በጥቁር መዝገብ ውስጥ ያለውን ስሙን መሰረዝ ያስፈልግ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዲቫይስ ትሪ የተባለው አሠራር ስለ ገባ ያ መዝገብ ጥቅሙ ቀረ። በ2023 ደግሞ የማስተካከያው ፋይል ራሱ ስፍራውን ለወጠ፤ በቀድሞው ስፍራ ያለው ወደ ሌላ ተዛውሯል የሚል ማስታወቂያ ብቻ ይዞ ቀርቷል። ከያዝናቸው ወረቀቶች መካከል አንዱ መሥመር 0ን አስከፍቶ፥ ጥቁሩን መዝገብ አሰርዞ፥ በመጨረሻው ገጽ ላይ አዲሱን የፋይል ስፍራ ይጠቅሳል። ሦስት ዘመናት በአንድ ወረቀት ላይ ተሰፍተዋል፤ በየትኛውም ዘመን ግን እንደ ተጻፈው አድርጎ ያዘጋጀው ሰው ሊኖር አይችልም። እኛ ከዚህ የምንረዳው ጸሐፊው ራሱ የጻፈውን ከቶ ሞክሮት እንደማያውቅ ነው።

በስሙም ላይ ጥቂት ማለት እንወዳለን። ወረቀቶቹ ሁሉ ሰዓቱን የሚመታውን «ጌታ»፥ የሚመልሰውን «ባሪያ» ብለው ተርጉመዋል። ቃሉ የእነርሱ ፈጠራ አይደለም፤ የእንግሊዝኛው ደንብ ራሱ ለብዙ ዘመን እንዲሁ ይል ነበር። ደንቡን አሁን የሚያወጣው፥ በ2006 ከፊሊፕስ የተለየው ኤን-ኤክስ-ፒ የተባለው ኩባንያ፥ በ2021 ባሳተመው እርማት ሁለቱን ቃላት ለውጦ «ተቆጣጣሪ» እና «ዒላማ» አላቸው። በአማርኛ «ባሪያ» የሚለው ቃል ገና ቁስል ያለበት በመሆኑ፥ በመማሪያ ወረቀት ላይ ያለ አሳብ መጣሉ ደስ አይለንም። ይሁን እንጂ ጸያፍነቱን ትተን በሥራው ብቻ ብንመዝነው እንኳ ቃሉ ስሕተት ነው። «ባሪያ» የተባለው መሣሪያ ሥራ ሲበዛበት የሰዓቱን ሽቦ ወደ ታች ይዞ «ጌታውን» ቆይ ማለት ይችላል፤ አዛዡም እስኪለቀቅ መጠበቅ ግዴታው ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ «አዛዥ» እና «ተጠሪ» እንላለን፤ የተሻለ ያለው ቢያርመን እንቀበላለን።

ይህ ቆይ የማለት መብት ተራ ነገር እንዳይመስል፥ በመጀመሪያዎቹ ራስበሪ ፓይዎች ውስጥ ያለው ቢ-ሲ-ኤም-2835 የተባለው ክፍል በዚህ ላይ የታወቀ ጉድለት አለበት። ተጠሪው ሽቦውን በማይመች ቅጽበት ቢለቅ፥ አዛዡ ከልክ ያጠረች ምት ይልካል፤ መረጃውም ይዛባል። ቢ-ኤን-ኦ-055 የሚባለውን የአቅጣጫ መለኪያ ያሰሩ ሰዎች በዚህ ብዙ ተቸግረዋል። ማምለጫው ፍጥነቱን መቀነስ፥ ወይም የክፍሉን መሥመር ትቶ ሌሎች እግሮችን በፕሮግራም እየመቱ መሥመር ማድረግ ነው። የእኛ መለኪያ ቆይ የማይል ስለ ሆነ ይህ አልነካንም። ነገር ግን «ባሪያ» የሚለውን ቃል የተማረ ተማሪ፥ ተጠሪው አዛዡን ያስቆማል ብሎ እንዴት ሊጠረጥር ይችላል?

እንግዲህ ፍትሕ ለማድረግ ያህል፥ ያለ ወረቀቱ እኛ ፋይሉ የት እንዳለ እንኳ ባላገኘን ነበር። የፊሊፕስ ደንብ በበኩሉ ስለ ሬዚስተርና ስለ ጊዜ በሚገባ ሲያስረዳ፥ ፋይል ስለ መክፈት አይናገርም፤ የተጻፈውም ለመሐንዲስ ነው፤ አንብበን ለመረዳት ሁለት ሳምንት ፈጅቶብናል። በሁለቱ መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ የሚሞላ፥ በአማርኛ የተጻፈ፥ ቀን ያለው፥ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ጎን ምክንያቱን የሚያኖር አራት ገጽ ያህል ጽሑፍ ቢኖር ብዙ ጓደኞቻችን ይድኑ ነበር። እኛ ጀምረነዋል፤ ሁለት ገጽ ደርሷል።

ከመዝገባችን ውስጥ የተደገሙትን ቁጥሮች ለመለየት አልተቸገርንም፤ እውነተኛ ንባብ በሁለተኛው የነጥብ አኃዝ ላይ ሳይንቀጠቀጥ አያልፍም፤ የተደገመው ግን እንደ ድንጋይ ደርቆ ይቆማል። ከ31 ሌሊት 19ኙን ጣልን። ፍጥነቱን ወደ 100000 መልሰን፥ ፕሮግራሙም መልስ ባላገኘ ጊዜ ስፍራውን ባዶ እንዲተው አድርገን እንደ ገና ጀመርን። በመጀመሪያው ሌሊት ሙቀቱ ከ6 ሰዓት እስከ ንጋት ሲወርድ አደረ፤ ባዶ ስፍራም አንድ አልተገኘም። ረቂቁ ላይ ያለችውን ዓረፍተ ነገር ሰርዘን ለመምህራችን መልሰን ሰጥተናል።